ተማሪዎቼ በኮንከረንሲ ሌክቸር ላይ የሰጡኝን አስተያየት እንዴት ልጠቀምበት?

ጠያቂ፦ የኦኤስ መምህርት

ሰላም ለሁላችሁ። ለሦስተኛ ዓመት ኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ኦፐሬቲንግ ሲስተም (ኦኤስ) አስተምራለሁ። ኮዱን በጃቫ ነው የምንሠራው። የኮንከረንሲውን (ብዙ ሥራ ጎን ለጎን የማስኬድን) ምዕራፍ እንደጨረስን ብጣሽ ወረቀት አድዬ፣ ስም ሳይጽፉ «ሌክቸሩ እንዴት ነበር?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

የመጣው መልስ እርስ በርሱ ይጋጫል። ብዙዎቹ «ጥሩ ነው» ብለው አልፈውታል። ሌሎች «በጣም ይፈጥናሉ» ይላሉ። «ሴማፎር ላይ ብዙ ቆየን» ያሉም አሉ (የጋራ ነገርን በአንዴ ስንት ሥራ እንደሚጠቀምበት የሚገድበው መሣሪያ)። አንዳንዱ ወረቀት ላይ ደግሞ «ምሳሌው ላብ ውስጥ አይሠራም» የሚል አለ።

የትኛውን ልስማ? ስላይድ ልቀንስ ወይስ ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ ልጠይቅ? ክፍሉ ትልቅ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ፕሮጀክተሩም መብራት ሲኖር ነው የሚሠራው።

አሮጌ ቾክ

እህቴ፣ «ይፈጥናሉ» የሚለውን እንዳለ አትውሰጂው። ተማሪ ምኑ እንዳልገባው ለይቶ መናገር ሲያቅተው «ፈጣን ነው» ይላል። ያንኑ ነገር ቀስ ብለሽ ብትደግሚለትም አይገባውም። «ጥሩ ነው» ያሉት ደግሞ ይሉኝታ ይዟቸው ነው። «እንዴት ነበር?» ለሚል ሰው ሌላ ምን ይባላል?

ጥያቄውን አጥብቢው። ሃርቫርድ ስታቲስቲክስ ያስተምር የነበረው ፍሬድሪክ ሞስተለር ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ተማሪዎቹን ከሁሉ በላይ የደበዘዘባቸውን ነጥብ ያስጽፋቸው ነበር። አንቺም እንደዚያ አድርጊ፤ ግን አንድ የኮድ ጥያቄ ጨምሪበት። እኔ የምጠቀመው ይህን ነው፦

ሁለት ትሬዶች (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሮጡ ሥራዎች) ከ0 የሚነሳ አንድ የጋራ ቆጣሪ አላቸው። ሎክ፣ ማለትም አንዱ ሲነካው ሌላውን የሚያስጠብቅ ቁልፍ፣ የለም። እያንዳንዳቸው 10 ጊዜ 1 ይጨምሩበታል። በመጨረሻ ሊታይ የሚችለው ትንሹ ቁጥር ስንት ነው?

20 ብሎ የጻፈ ችግሩ መኖሩን ገና አላየም። 10 ያለው ግማሽ መንገድ መጥቷል። መልሱ 2 ነው። ወረቀቶቹን በመልሳቸው ለይተሽ ደርድሪያቸው። የ20ው ክምር ከበዛ ስለ ሎክ ማውራት ቸኩለሻል ማለት ነው። የ10ሩ ከበዛ ደግሞ ሌላ ክፍለ ጊዜ አያስፈልግሽም፤ አንድ ጥሩ ምሳሌ ይበቃል።

ኮደሩ

2? እንዴት ሆኖ?

አሮጌ ቾክ

1 መጨመር ማለት ማንበብ፣ መደመር፣ መጻፍ ነው፤ መሃል ላይ ሊቋረጥ ይችላል። አንደኛው ትሬድ 0ን አንብቦ ሳይጽፍ ይቆማል። ሁለተኛው 9 ጊዜ ይጨምራል። ያኔ አንደኛው ይነቃና 1 ብሎ ይጽፍበታል። የሁለተኛው 9 ጭማሪ ውኃ በላው። ሁለተኛው ለመጨረሻ ዙሩ ያንን 1 አንብቦ ይቆማል። አንደኛው የቀሩትን 9 ዙሮች ይጨርሳል። በመጨረሻም ሁለተኛው 2 ብሎ ይጽፋል። አለቀ።

ተማሪ ነኝ

መምህር፣ እኔ ይህን ኮርስ ዘንድሮ የወሰድኩት ሌላ ግቢ ነው። «ምሳሌው አይሠራም» ያሉትን ልጆች እባክዎ ይስሟቸው። እኛም ጋ እንዲሁ ነበር። ስላይዱ ሁለት ትሬዶች እያንዳንዳቸው 1000 ጊዜ ሲጨምሩ ውጤቱ ይሳሳታል ይላል። ላብ ገብተን ስናሮጠው ግን ሁሌ 2000 ይመጣል። ደጋግመን ብናሮጠውም ያው 2000! ከዚያ ሎክ ለፈተና የሚሸመደድ ነገር መሰለንና ሸምድደን አለፍን።

የላብ ረዳት

ልጁ ያለው እውነት ነው፣ ምክንያትም አለው። ሉፑ (ድግግሞሹ) 1000 ብቻ ከሆነ አንደኛው ትሬድ ሁለተኛው ሳይነሳ ሥራውን ጨርሶ ይወጣል። መጋጨት የለም። 1,000,000 አድርጊው። ቆጣሪውንም ቮላታይል (አንዱ ትሬድ የጻፈውን ሌላው እንዲያይ የሚያደርግ የጃቫ ቃል) በይው። አንደኛ፣ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው) ሉፑን እንዳያሳጥረው ይከለክለዋል። ሁለተኛ፣ «ቮላታይል ካልኩ በቃ፣ ሎክ አያስፈልግም» የሚለው የተለመደ ስህተት ዓይናቸው እያየ ይወድቃል። በአንድ ኮምፒውተር ላይ በየሩጫው የተለያየ ቁጥር ሲመጣ ላቡ ውስጥ የሚነሳውን ጫጫታ ታይዋለሽ።

ሌላም አለ። ተማሪዎች «ምን እየሆነ እንደሆነ ልይ» ብለው ሉፑ ውስጥ ፕሪንት (ስክሪን ላይ የሚጽፍ ትእዛዝ) ይጨምራሉ። የጃቫ ፕሪንት ራሱ ውስጡ ሎክ አለው። ትሬዶቹን ያዘገያቸዋል፣ ወረፋም ያስይዛቸዋል። ስህተቱ ይደበቃል። ልጁም «ፕሪንት ስጨምር ተስተካከለ» ብሎ ይመጣል፤ ተሳስቶም አይደለም፣ ያየውን ነው የሚናገረው።

ወደ ፓይተን እንዙር የሚል ካለም ይጠንቀቅ። ከ3.10 ወዲህ ይህ ተራ ቆጣሪ በተለመደው ፓይተን ላይ ሲሳሳት ማየት ከባድ ነው፤ ኢንተርፕሪተሩ (ኮዱን የሚያስኬደው ፕሮግራም) ትሬድ የሚቀያይርባቸው ቦታዎች ተወስነዋል። ኮዱ ግን ልክ ሆነ ማለት አይደለም።

ስለዚህ መጀመሪያ ስላይዱን ሳይሆን የላብ ሺቱን ነው የምትነኪው።

ኮደሩ

እኔ የምለው፣ ስላይዱ ራሱ አርጅቶ ይሆናል። ጃቫ 21 ላይ ቨርቹዋል ትሬድ (ቀለል ያለ የትሬድ ዓይነት) መጥቷል። እሱን ብታስተምሪያቸው አይሻልም?

የላብ ረዳት

ቨርቹዋል ትሬድም ያለ ሎክ ያንኑ ቆጣሪ ያበላሸዋል ወንድሜ። ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም።

ከጠመኔ ጋር

መብራት ለሌለበት ቀን የኔ ዘዴ ይኸውና። ሁለት ተማሪ ወደ ፊት ታወጫለሽ። ለእያንዳንዳቸው ሦስት ወረቀት ትሰጫለሽ፦ «አንብብ»፣ «ደምር»፣ «ጻፍ»። ቆጣሪው ሰሌዳው ላይ ነው። ክፍሉ ተራ እየመረጠ ያዛቸዋል። የእያንዳንዱ ሰው ቅደም ተከተል ሳይፈርስ ስድስቱን ወረቀቶች 20 ዓይነት አድርጎ ማሰባጠር ይቻላል። ከ20ዎቹ ትክክለኛውን 2 የሚሰጡት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ይህን ራሳቸው ቆጥረው ሲደርሱበት ስለ ሎክ መለፍለፍ አይጠበቅብሽም።

ጥያቄ ስትጠይቂ ደግሞ የሃርቫርዱ ፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር ያስተዋወቀውን አካሄድ ሞክሪ። መጀመሪያ ለብቻ ይመርጣሉ። ከጎናቸው ካለው ጋር ይከራከራሉ። እንደገና ይመርጣሉ። ክርክሩ በአማርኛም ይሁን በኦሮምኛ፣ በፈለጉት ይሁን። እንግሊዝኛው ፈተና ላይ ይደርሳል። ድምፁን ቴሌግራም ላይ አትሰብስቢ፤ ጓደኛ የመረጠውን መከተል ይበዛል። ወረቀት ይሻላል።

የኦኤስ መምህርት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የላብ ሺቱን ዛሬውኑ እቀይረዋለሁ። ሴማፎር ላይ ቆየን ያሉትንስ ምን ልበላቸው? እሱን መቀነስ አልፈልግም።

አሮጌ ቾክ

አትቀንሺው። ቦታውን ግን ቀይሪው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ የዳይክስትራ ፈላስፎች እራት (ፈላስፎች የጎረቤትን ሹካ ሲጠብቁ ሁሉም ሊቆሙ የሚችሉበት እንቆቅልሽ) ከ1965 ጀምሮ ሲያስተምር የኖረ ጥያቄ ነው፤ የሚሠራው ግን ተማሪው አንድ ሎክ ምን እንደሚጠቅመው ካየ በኋላ ነው። ሎክ ያልናፈቀ ሰው ዴድሎክ (ሁሉም እርስ በርስ ሲጠባበቁ መቆም) ምኑ ነው?

ደግሞ ሰኞ ስትገቢ መጀመሪያ የሰጡሽን አስተያየት አንብቢላቸው። ይህን ቀየርኩ፣ ይህን አልቀየርኩም፣ ያልቀየርኩት በዚህ ምክንያት ነው በያቸው። ያ ካልሆነ በሚቀጥለው ወረቀት ላይ ሁሉም «ጥሩ ነው» ብሎ ይጽፍልሻል።

ተማሪ ነኝ

መምህር፣ ያ የ10 ጊዜው ጥያቄ ፈተና ላይ የሚመጣ ከሆነ ቁጥሩን 100 ቢያደርጉትም መልሱ 2 ነው አይደል?

የኦኤስ መምህርት

ነው። ጎበዝ! ትሬዶቹ ሦስት ቢሆኑስ? ሠርተህ እዚሁ ጻፍልኝ።