ትምህርት ቤት ጣፋጭ ነገር ከልጆች ምሳ ዕቃ ሊከለክል ይገባል?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። ልጄ የሚማርበት የግል ትምህርት ቤት በመገናኛ ደብተር በላከው ማስታወቂያ ለስላሳ፣ የታሸገ ጁስ፣ ከረሜላና ክሬም ያለው ብስኩት በምሳ ዕቃ እንዳይያዝ ከልክሏል። ባለፈው ሳምንት የ1ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጄ ጁሱን በጓደኞቹ ፊት ተቀምቶ እያለቀሰ ወደ ቤት መጣ። የክልከላውን ዓላማ አልቃወምም፤ ነገር ግን እኔ የቋጠርኩለትን ምግብ ትምህርት ቤቱ ሊወስድበት ይገባል? እዚያው ግቢ ያለው ሻይ ቤት ለትልልቆቹ ተማሪዎች ለስላሳ መሸጡን አላቆመም።

መልስ፦ የጥርስ ሐኪም

ልጅዎ በጓደኞቹ ፊት መሸማቀቁ አሳዝኖኛል፤ ክልከላውን ግን እደግፋለሁ። ስኳር ጥርስን የሚጎዳው በመጠኑ ብቻ ሳይሆን በድግግሞሹም ጭምር ነው። በአፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ስለሚቀይሩትና አሲዱም የጥርሱን ሽፋን ስለሚያሳሳው፣ ከረሜላ በጉንጩ ይዞ የሚውል ወይም አንድ ጁስ ከእረፍት እስከ ምሳ ትንሽ በትንሽ የሚመጥ ልጅ ጥርሱ ፋታ አያገኝም። ብዙ ወላጆች «የወተት ጥርስ ነው፣ ይወልቃል» ይሉኛል፤ ሆኖም የወተት መንጋጋዎች እስከ 10 እና 12 ዓመት ዕድሜ ድረስ የሚያገለግሉ ሲሆን፣ ያለጊዜያቸው ከተነቀሉ የቋሚዎቹ ቦታ ይጠብባል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው መመሪያ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመረውም ሆነ በጁስ ውስጥ ያለው ስኳር፣ በቀን ከምግብ ከሚገኘው ጉልበት (ካሎሪ) ከ10 በመቶ እንዳያልፍ፣ ቢቻልም ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል፤ 5 በመቶው ለአዋቂ 25 ግራም ገደማ ነው። አንድ ባለ 330 ሚሊ ሊትር ኮካ ኮላ 35 ግራም ያህል ስኳር እንዳለው ሲታሰብ፣ ለሕፃን ምን ያህል እንደሚበዛ መገመት አያዳግትም። የፍራፍሬ ጁስም ከዚህ ስሌት ውጭ አይደለም።

መልስ፦ የአንደኛ ደረጃ መምህር

ምሳ ዕቃውን የቋጠረው ልጁ ስላልሆነ ሊቀጣበት አይገባም። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሳገኝ ሳይከፈት ወደ ቦርሳው እመልስና ለወላጅ በደብተሩ እጽፋለሁ፤ ልጁ ሌላ የሚበላው ከሌለው ግን ያመጣውን ይብላ እንጂ ጦሙን አይዋልም። ስለ ሻይ ቤቱ ያነሡት ትክክል ነው። ቺሊ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ሜክሲኮ ደግሞ በ2025 ክልከላውን ያሳረፉት በቅድሚያ ትምህርት ቤት ውስጥ በሚሸጠው ላይ ነው። ራሱ የሚሸጠውን ነገር ለወላጅ የሚከለክል ትምህርት ቤት የሚሰማው አያገኝም።

መልስ፦ የሦስት ልጆች አባት

በሐሳቡ እስማማለሁ፤ አፈጻጸሙ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ገና ሳይነጋ ልጆች አድርሶ ወደ ሥራ ለሚሮጥ ወላጅ ብስኩት ጊዜ ቆጣቢ ነው፤ በተለይ ረቡዕና ዓርብ እንቁላልና ወተት በማይነካበት ቤት አማራጩ ይጠብባል። ስለዚህ ትምህርት ቤቶች የሚከለከለውን ብቻ ከሚዘረዝሩ፣ በጾምም በፍስክም የሚሆነውን አብረው ቢጽፉ ይበጃል። እኛ ቤት የለውዝ ቅቤ በዳቦ፣ ማታ የተቀቀለ ስኳር ድንች፣ ሙዝና ውኃ ሠርቶልናል። ከአጥሩ ውጭ ከረሜላ የሚሸጡትን ሱቆች ግን ትምህርት ቤቱ ብቻውን የሚችላቸው አይመስለኝም፤ የወላጅ መምህራን ኅብረቱ ከወረዳው ጋር ቢነጋገርበት መልካም ነው።