«ሁይል» በአማርኛ ምን ይባል?

ቃል ለቃሚ፦ ሰላም ለቤቱ። ስለ ዌልስ ሰባኪዎች አንድ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። ዘመኑ ከ1800 እስከ 1840 ገደማ ነው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር። አንድ የዌልስኛ ቃል አላራምድ አለኝ። «ሰባኪው ሁይል መጣለት» ይላል። «ወኔ» ብዬው ነበር፣ አልጣመኝም። ምን ትላላችሁ?

የፒያሳ ልጅ፦ «ኃይል» በለውና ተገላገል! ድምፁም ገጠመ።

ደብተራው፦ ድምፅ ስለገጠመ ዝምድና አይቆጠርም። ሁይል የመርከብ ሸራም ማለት ነው። የደስታ ስሜትም፣ ጨዋታም ይባልበታል። ዛሬ ዌልሶች ሲለያዩ «ሁይል!» ይባባላሉ፣ እኛ «ቻው» እንደምንለው። አንተ የያዝከው ግን የመድረኩን ሁይል ነው።

የዚያ ዘመን ሰባኪ ሜዳ ላይ ቆሞ ሲጀምር እንደማንኛውም ሰው ያወራል። ቀስ እያለ ቃላቱን ይጎትታል። ድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል። በኋላ ንግግሩ ግማሽ ዜማ ይሆናል። ሕዝቡ «ጎጎንያንት!» እያለ ይቀበለዋል፣ «ክብር!» ማለት ነው። በደስታ የሚዘልም ነበር፤ እንግሊዞች «ዘላዮቹ» የሚል ስም አውጥተውላቸዋል። ክሪስማስ ኢቫንስን ያህል ሰባኪ ያደገው የእርሻ አሽከር ሆኖ ነው፤ እስከ ጉርምስናው ፊደል አልቆጠረም፣ አንድ ዓይኑንም በድብደባ አጥቷል። እሱና የአንግልሲው ጆን ኢላያስ ሲመጡ አገር ነቅሎ ይወጣ ነበር። ሁይል እንግዲህ ንግግር ወደ ዜማ የሚሻገርበት ነው። ወኔ ለጦር ሜዳ ይሁን።

የፒያሳ ልጅ፦ «ሞቅ ሲለው» ብንልስ?

ደብተራው፦ ኧረ ይቀየሙሃል! በ1830ዎቹ መጠጥ እርም የማለቱን ዘመቻ ከያዙት መካከል እነሱው ነበሩ።

ሰዋስው ወዳጅ፦ «ተመስጦ»ስ?

ደብተራው፦ ተመስጦ ዝም ያሰኛል፣ ይሄ ያስጮሃል። እኔ ብሆን «ዜማው ሲመጣለት» እላለሁ። መጀመሪያ በሚመጣበት ቦታ ግን ቃሉን እንዳለ አስቀምጠህ ሸራውን ጥቀስ።

ቃል ለቃሚ፦ «ዜማው ሲመጣለት» ተመችቶኛል፣ የኔታ። ሁለተኛው ጣጣዬ «ኤይስቴዝቮድ» ነው። «የቅኔ ጉባኤ» ልበለው?

ሰዋስው ወዳጅ፦ ያስኬዳል። ቃሉ የወጣው «መቀመጥ» ከሚለው ግሥ ነው፤ ለአሸናፊው ባለቅኔ የሚሸለመውም ወንበር ነው። ልማዱ የቆየ ነው፤ በ1176 በካርዲጋን የተደረገው ይጠቀሳል። አንባቢህ ግን የ1819ኙን የካርማርዘን ጉባኤ ይወደዋል። ዮሎ ሞርጋኑግ የሚባል ድንጋይ ጠራቢና ባለቅኔ ነበር፣ የመዝገብ ስሙ ኤድዋርድ ዊልያምስ። አይቪ ቡሽ በሚባለው ማረፊያ ቤት ግቢ ከኪሱ ጠጠሮች አውጥቶ በክብ ደረደረ ይባላል። በዚያ የራሱን የባለቅኔዎች ማኅበር፣ «ጎርሴዝ»ን፣ ከጉባኤው ጋር አቆራኘው።

የፒያሳ ልጅ፦ ጥንታዊ ሥርዓት መስሎኝ!

ሰዋስው ወዳጅ፦ እሱም ከጥንት የወረደ ነው ብሎ ነው ያሳመናቸው። ከራሱ የፈጠረው ነው። የድሮ ግጥም ነው እያለም የራሱን ጽፎ ያቀርብ ነበር፤ ይህ በደንብ የታወቀው ከሞተ መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ሥርዓቱ ግን እስከ ዛሬ አለ። በግሌ ሰውየውን እወደዋለሁ፤ ሲዋሽም በሙያ ነው። «ጎርሴዝ»ን «ዙፋን» ብለህ እንዳትተረጉም፣ ንጉሥ ያለ ያስመስላል። «የባለቅኔዎች ሸንጎ» ይሻላል።

ደብተራው፦ ዘመኑ ላይ ከሆናችሁ አንድ ነገር ልጨምር፣ እኛንም ይነካል። በ1800 ሜሪ ጆንስ የምትባል የድሃ ልጅ የዌልስኛ መጽሐፍ ቅዱስ ለመግዛት በባዶ እግሯ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛ ባላ ወደሚባል ከተማ ሄደች። የባላው ሰባኪ ቶማስ ቻርልስ ለሕዝቡ መጽሐፍ እንዲታተም ለንደን ሄዶ ሲወተውት፣ «ለዌልስ ከሆነ ለዓለም ሁሉ ለምን አይሆንም?» የሚል ሐሳብ ተነሣ። በ1804 የብሪታንያና የውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ተቋቋመ። ይኸው ማኅበር ነው ኢትዮጵያዊው አቡ ሩሚ ካይሮ ተቀምጦ የተረጎመውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ያሳተመው፤ ወንጌላቱን በ1824፣ ሙሉውን በ1840።

ቃል ለቃሚ፦ ይሄንን አላውቅም ነበር! የመጨረሻ፦ በ1839 ኤቫይልወን በሚባል የዌልስ መንደር ወንዶች ቀሚስ ለብሰው መንገድ ላይ ያለ የቀረጥ በር ሰበሩ ይላል፣ «የርብቃ ልጆች» ነን እያሉ። «በር»ን ልተወው?

የፒያሳ ልጅ፦ ኬላ ነዋ! ገበሬው ኖራ በጋሪ ጭኖ ባለፈ ቁጥር የሚከፍልበት ቦታ ሌላ ምን ይባላል?

ደብተራው፦ እዚህ ላይ ልጁ ልክ ነው፣ ኬላ በለው። ስማቸውን ያገኙት ግን ከዘፍጥረት 24፥60 ነው፣ ርብቃ ስትመረቅ ዘሯ የጠላቶቹን ደጅ እንዲወርስ ከሚለው። ጥቅሱ ውስጥ «ደጅ» እንዳለ ይቆይ፤ መንገድ ላይ ያለውን ኬላ በል።