የቢከን መተግበሪያን ያለ ቢከን መፈተሽ ይቻላል?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦ ጤና ይስጥልኝ። በብሉቱዝ ቢከን (መለያ ቁጥሩን በየጊዜው በሞገድ በሚያሰራጭ ትንሽ መሣሪያ) የጎብኚውን ቦታ እየለየ ማብራሪያ የሚያሰማ የአንድሮይድ መተግበሪያ እየሠራሁ ነው፤ ቢከኖቹ ገና ስላልደረሱኝ በምን ልፈትሸው? ስልኩ በአካባቢው ያሉ የብሉቱዝ ምልክቶችን የሚያስስበት ፍለጋም አንዳንዴ ያለ ምክንያት ዝም ይላል።

መላሽ 1፦ ትርፍ ስልክ ካለዎት የቢከን ምልክት የሚያሰራጭ መተግበሪያ ይጫኑበትና መለያ ቁጥሩን ከኮድዎ ጋር አንድ ያድርጉት። ዝም የሚለው፣ ከአንድሮይድ 7 ጀምሮ በ30 ሰከንድ ውስጥ ከ5 ጊዜ በላይ ፍለጋ የሚያስጀምር መተግበሪያ ውጤት ስለሚከለከል ሳይሆን አይቀርም።

መላሽ 2 (አንኮበር)፦ ጠረጴዛ ላይ መሥራቱ አያዘናጋዎት። ብሉቱዝ የሚጠቀምበትን የ2.4 ጊጋኸርትዝ ሞገድ የሰው ገላ ስለሚውጠውና ርቀቱም የሚገመተው በምልክቱ ጥንካሬ ስለሆነ፣ እኔ ስልኩን ደረቴ ላይ ይዤ ጀርባዬን ለቢከኑ ስሰጥ ሦስት ሜትር የነበረው ርቀት ስምንት ሆኖ ታይቶኛል፤ ስለዚህ ሜትር ከመቁጠር «ቅርብ» እና «ሩቅ» ብሎ መለየት ይሻላል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ፤ ፍለጋውን በየ3 ሰከንዱ እንደገና አስጀምረው ነበር።