«ውጣልኝ» ሲባል የማይወጣ ዘመድ፦ ቁልፍ መቀየር ወይስ መክሰስ?

ጠያቂዋ፦ የአጎቴ ልጅ «ለሁለት ሳምንት» ብሎ ወላጆቻችን ቤት ከገባ ዓመት ከስምንት ወር ሆነው። ውል የለም፣ ኪራይ አይከፍልም፤ ካርታው በአባቴ ስም ነው። እናቴ ውጣልኝ ስትለው «እሺ እትዬ» ይላል፣ ማታ በራሱ ቁልፍ ከፍቶ ይገባል። ነገ ሥራ ሲሄድ ቁልፉን ቀይሬ ሻንጣውን በር ላይ ላስቀምጥለት አስቤያለሁ። ሰዎች ግን ፍርድ ቤት ሂጂ ይሉኛል። በገዛ ቤታችን ለምን?

ቆራጧ፦ ቀይሪው! አንቺ ቀጠሮ ስትጠብቂ እሱ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ቴሌቪዥን ሊያይ ነው? ሌባ ቢሆን ፖሊስ ያወጣልሽ ነበር፤ ዘመድ ስለሆነ ከሌባ የበለጠ መብት ሊኖረው ነው?

የሕግ ሰው፦ አዎ፣ አለው። ሌባ ሳይፈቀድለት ነው የሚገባው፤ ይሄኛው ቁልፉን ከእናትሽ እጅ ነው የተቀበለው። የኢትዮጵያን የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደ ምሳሌ እንይ። ቁጥር 1148 ባለይዞታ፣ ማለትም የራሱ ይሁን አይሁን ነገሩን በእጁ ያደረገ ሰው፣ የሚነጥቀውን በኃይል እንዲከላከል፣ በጉልበት ወይም በስውር የተወሰደበትንም ወዲያውኑ እንዲያስመልስ ይፈቅዳል። «ወዲያውኑ» ላይ ቆም በሉ። ዓመት ከስምንት ወር ወዲያውኑ ነው? ቁጥር 1149 ደግሞ ይዞታውን የተነጠቀ ሰው በ2 ዓመት ውስጥ ይመለስልኝ ብሎ መክሰስ ይችላል ይላል። ቁልፉን በቀየርሽ ማግስት «ሁከት ይወገድልኝ»፣ ማለትም ይዞታዬ አይነካብኝ ብሎ ከሳሹ እሱ ሊሆን ይችላል።

ተጠራጣሪው፦ ጋሼ፣ በይቅርታ፣ እንግዳ ከመቼ ወዲህ ነው ባለይዞታ የሆነው? የሰው ሶፋ ላይ ስላደረ ቤቱን ይዟል ይባላል?

የሕግ ሰው፦ ክርክሩ ያለው እዚያ ላይ ነው፣ ልክ ነህ። የሚተኛበትን ክፍል ለብቻው ይቆልፋል? ወይስ ሳሎን ተነጥፎለት ጠዋት ይነሳል? የመጀመሪያው ለይዞታ ይቀርባል፣ ሁለተኛው እንግዳ ነው። ደግሞ ያው 1149 ተከሳሹ ወዲያውና በማያጠራጥር ማስረጃ መብቱን ካሳየ ይመለስ አይባልም ይላል። ካርታ የሚጠቅመው እዚህ ነው። ሮማውያን ለእንዲህ ዓይነቱ አኗኗር ስም ነበራቸው፦ ፕሬካሪየም። በልመና የተገኘ፣ ሰጪው በፈለገ ሰዓት የሚነሳ። መነሳቱን እኔም አልክድም፤ የምቃወመው ጉልበቱን ነው።

ተባራሪው፦ እኔ በሌላኛው ወገን ነበርኩ። የማታ ሥራ ውዬ አድሬ ንጋት ላይ ስመለስ ቁልፉ ገባ፣ አልዞር አለ። መታወቂያዬና የደም ግፊት መድኃኒቴ ውስጥ ነው። በሩ ሥር መብራት ይታያል፣ ድምፅ ይሰማል፣ የሚከፍት የለም። አዎ፣ ብዙ ቆይቼባቸው ነበር። ግን ማንም ቀን ቆርጦ አልነገረኝም፤ «እስቲ አስብበት» ነበር የሚሉኝ።

ቆራጧ፦ አዝናለሁ ወንድሜ። የእርሷ ግን «ውጣልኝ» ተብሏል እኮ!

የሕግ ሰው፦ በቃል። ቀን ያለበት ደብዳቤ ይጻፍለት፣ ምስክር ባለበት ይሰጠው፣ ቅጂው ይቀመጥ። ቀኑ ካለፈ በኋላ ፈቃድ ነበረኝ ማለት ይከብደዋል። ልጄ፣ አባትሽ በሕይወት አሉ?

ጠያቂዋ፦ ከሦስት ዓመት በፊት አርፈዋል። ስመ ሀብቱን አልቀየርንም።

ተጠራጣሪው፦ ኧረ ይሄ መጀመሪያ መነገር የነበረበት ነው! እንግዲህ «ቤታችን» ስትዪ እነማን ናችሁ?

ጠያቂዋ፦ እናቴ፣ እኔና ታላቅ ወንድሜ። ወንድሜ «ይቆይ፣ ምን አጠፋ» ባይ ነው። እሱ ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው፣ አብሮት አያድርም።

የሕግ ሰው፦ እንግዲያውስ ክሱ የእንግዳ ብቻ አይደለም። ውርሱ ካልተጣራ፣ ካልተከፈለም ወንድምሽ የጋራ ባለሀብት ነው፤ እንግዳው ፍርድ ቤት ቆሞ «ከባለቤቶቹ አንዱ ፈቅዶልኛል» ሊል ነው። የወራሽነት ማስረጃችሁን አውጡ። ወንድምሽ ደብዳቤው ላይ አብሮ ከፈረመ ግማሹ መንገድ አለቀ፤ ካልፈረመ ጠቡ ከእሱ ጋር ነው።

ቆራጧ፦ እና ቁልፉስ?

የሕግ ሰው፦ ቁልፉ ባለበት ይቆይ።

ጠያቂዋ፦ አሁን ሁለት ጊዜ ደወልኩለት። ወንድሜ ማለቴ ነው። አያነሳም። ያኛው ደግሞ ይኸው መጣ፣ በሩን እየከፈተ ነው።