ጆሮ የማይደፍነው ሄድፎኔ ቻርጅ አልቀበል አለ፤ ለነገ ጠዋት የግድ ያስፈልገኛል

መንገደኛ (ጠያቂ)፣ ማታ 1፡40

ሰላም ቤተሰብ። እባካችሁ ቶሎ ድረሱልኝ። ጆሮ ውስጥ የማይገባው፣ ጉንጭ አጥንት ላይ የሚያርፈው ሄድፎኔ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ቻርጅ አይቀበልም። ቻርጀሩ ማግኔት ነው። ሳስጠጋው ይያዛል፣ ግን ምንም የለም። መጀመሪያ ላይ ጢጥ ጢጥ ጢጥ አለና ዝም አለ። ነገ 2 ሰዓት ላይ አዲስ መሥሪያ ቤት እጀምራለሁ። ሰፈሩን አላውቀውም፣ ማፑን እየሰማሁ ነው የምሄደው። ተራ ኢርፎን አይሆነኝም፣ መኪና መስማት አለብኝ። ሁለት ዓመት ምንም ሳይል ሠርቷል። ምን ላድርግ?

ቺፕ ፈላጊ፣ 1፡44

መብራቱ ምን ዓይነት ነው? ቀይ ነው? ሰማያዊ ነው? ብልጭ ድርግም ይላል? እሱን ሳትነግረን ማን ሊገምት ነው። ፎቶ ወይ ቪዲዮ ላክ።

ሚጣ የልደታ፣ 1፡45

ሪሴት አድርገው። ሁለቱን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫንና ያዝ።

ጋሽ ታዛቢ፣ 1፡52

ልጄ፣ ምክሬን በክፉ እንዳታየው። መኪና መስማት ከፈለግህ ለምን ጆሮህ አጠገብ ነገር ታንጠለጥላለህ? መንገዱን ጠይቀህ ሂድ። እኛ ማፕ ሳይኖር ከጎጃም በረንዳ እስከ ቃሊቲ ጠይቀን ደርሰናል። አሁን ወጣቱ ሁሉ ጆሮውን ዘግቶ አስፋልት ይገባል፣ ሹፌሩ ክላክስ ሲነፋበት ደግሞ ይቆጣል። በፈረንሳይ እኮ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ጆሮው ውስጥ ማዳመጫ ከቶ ብስክሌት የሚነዳ ሰው 135 ዩሮ ይቀጣል። ዝም ብለው አልከለከሉም። ጆሮ ክፍት ቢሆን እንኳ ሐሳብህ ዘፈኑ ላይ ከሆነ ያው ነው።

ፌንጣ፣ 1፡53

ሩዝ ውስጥ ክተተው 😂

ሚጣ የልደታ፣ 1፡55

ሩዝ ሳይሆን ሪሴት ነው መፍትሔው። የእኔም እንደዚሁ ሆኖ በሪሴት ነው የዳነው።

ፌንጣ፣ 1፡56

ሩዝ ከሌለ ጤፍ።

ቺፕ ፈላጊ፣ 1፡58

ጤፍ ከከተትክበትማ በቃ፣ በእያንዳንዷ ቀዳዳ ገብቶ ይበቅልበታል። ሩዙም ቢሆን አይጠቅምም፣ ዱቄቱ ነው የሚገባው። አፕል ራሱ በ2024 የረጠበ ስልክ ሩዝ ውስጥ አትክተቱ ብሎ ጽፏል። አሁንም እየጠየቅሁ ነው፦ መብራቱ ምን ቀለም ነው?

መንገደኛ (ጠያቂ)፣ 2፡03

ቀለሙን አላውቅም። ዓይነ ስውር ነኝ። መጀመሪያ መጻፍ ነበረብኝ፤ ለእኔ ከእናንተ በላይ ግልጽ ስለሆነ ረሳሁት። ጋሽ ታዛቢ፣ ዘፈን አይደለም የምሰማው። ስልኬ ነው የሚያናግረኝ። ቶክባክ ስክሪኑን ያነብልኛል፣ ማፑ «ወደ ቀኝ ታጠፍ» ይለኛል። ጆሮዬን ከደፈንኩት ግን የመኪናውንም፣ የበትሬንም ድምፅ አጣለሁ። በትሩ አስፋልት ሲነካና የቱቦ ክዳን ሲነካ ድምፁ አንድ አይደለም። በዚያ ነው የምሄደው።

ሚጣ፣ ሪሴት ሞክሬያለሁ። ጭራሽ አይነሳም።

ፌንጣ፣ 2፡04

ይቅርታ ወንድሜ። ሩዙን አንስቻለሁ።

መንገደኛ (ጠያቂ)፣ 2፡05

ችግር የለም፣ ስቄያለሁ። ጤፉን ግን አስቀምጥልኝ።

ጋሽ ታዛቢ፣ 2፡09

አይ፣ እኔ ተሳስቻለሁ። ልጄ፣ ይቅር በለኝ። ቢሆንም አንድ ነገር ሳልናገር አልቀርም፦ ድምፁን ዝቅ አድርገው። በአጥንት ስለሚመጣ ጆሮ አይጎዳም ቢባልም።

ሲስተር ቲጂ፣ 2፡15

ጋሼ፣ እሱ ስህተት ነው። የሚዘለለው የጆሮ ታምቡርና ከኋላው ያለው መካከለኛው ጆሮ ብቻ ነው። ንዝረቱ በአጥንት በኩል ያው ውስጠኛው ጆሮ ይደርሳል፣ የሚጎዳውም እዚያ ያለው የመስሚያ ሕዋስ ነው። አንዴ ከሞተ አይተካም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚለው 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ ድምፁ ከፍ ባለ ቁጥር ሰዓቱ ያጥራል። አጥንት ላይ የሚቀመጠው ደግሞ አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ጆሮው ክፍት ስለሆነ ታክሲ ውስጥ ስትገባ የውጭው ጫጫታ ይውጠዋል፣ ሰው ሳያውቀው እየጨመረ ይሄዳል። ሲወርድ መቀነስ ይረሳል።

ዮኒ ከስቶክሆልም፣ 2፡20

ሰላም ለሁላችሁ። በእኔ እይታ ዕቃው ራሱ ጊዜው አልፎበታል። አሁን ጆሮ ውስጥ የሚገቡት የውጭውን ድምፅ በማይክ እየያዙ የሚያስገቡበት ሁኔታ አላቸው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2019 ኤርፖድስ ፕሮ ላይ አመጣው፣ ሶኒም ሳምሰንግም አላቸው። ሙዚቃው ጥራት አለው፣ ውጭውንም ትሰማለህ። ለምን አትቀይርም?

ነጩ በትር፣ 2፡31

ዮኒ፣ እኔም ዓይነ ስውር ነኝ፣ ሁለቱንም ተጠቅሜያለሁ። ቢሮ ውስጥ ያልከው ጥሩ ነው። መንገድ ላይ አልወደድኩትም። ንፋስ ሲነፍስ ማይኩ ላይ ሹሹሹ ይላል፣ ሌላውን ሁሉ ይሸፍነዋል። ሌላው ደግሞ አቅጣጫ ነው። ድምፅ ከግራ ኋላ ይምጣ ከግራ ፊት የምለየው በራሴ ጆሮ ቅርፅ ነው። በማይክ ሲገባ መኪናው እንዳለ ትሰማለህ፣ የት እንዳለ ግን ትጠራጠራለህ። አስፋልት መሀል መጠራጠር አይመከርም። ባትሪው መንገድ ላይ ካለቀ ደግሞ ያው ጆሮህ ላይ ቡሽ ነው። አጥንት ላይ ያለው ባትሪው ቢያልቅ ጆሮዬ የራሴ ነው።

አሁን ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪናው በዝቷል። በ2024 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ሰፈሩ ተቀየረ። ድሮ ቪትዝ ስትመጣ ከሩቅ አውቃታለሁ፣ ሞተሯ ያወራል። አሁን ከግቢ በቀስታ የሚወጣ መኪና ጎማው ጠጠር ሲረግጥ ብቻ ነው የምሰማው። አንድ ቀን በትሬን ረግጦ አልፏል። ሹፌሩ ወርዶ «አላየኸኝም?» አለኝ።

ቺፕ ፈላጊ፣ 2፡36

«አላየኸኝም» 😭

ዮኒ ከስቶክሆልም፣ 2፡41

ገባኝ፣ ተምሬያለሁ። እዚህ አውሮፓ ከሐምሌ 2021 ወዲህ አዲስ የሚመዘገብ የኤሌክትሪክ መኪና ሁሉ በዝግታ ሲሄድ፣ እስከ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ የራሱን ድምፅ እንዲያሰማ ግዴታ ነው። አሜሪካ እስከ 30 ያደርሱታል። ከዚያ በላይ ጎማው ራሱ ስለሚጮህ አያስፈልግም ይላሉ። የሚያሰማው ድምፅ ግን እንደ ሞተር አይደለም፣ ዝም ያለ ፍሪጅ ይመስላል።

ነጩ በትር፣ 2፡44

እዚህም አንዳንዱ ያሰማል፣ አንዳንዱ የለውም። ፍሪጅም ቢሆን ይሻላል።

ጥገና መገናኛ፣ 2፡50

ጨዋታው ጥሩ ነው፣ ልጁ ግን ነገ ሥራ አለው። መንገደኛ፣ ስማኝ። ጢጥ ጢጥ ብሎ ዝም ማለቱ ብዙ ጊዜ እርጥበት ነው። እነዚህ ዕቃዎች ቻርጅ የሚነካባት ቦታ ላይ ውሃ ሲያገኙ እንዳይቃጠሉ ብለው ራሳቸው ቻርጁን ያቆማሉ። ዛሬ ዝናብ መትቶህ ነበር? ወይ አልቦህ?

ሁለተኛ፣ ማግኔቱን በጣትህ ዳስሰው። ማግኔት የብረት ብናኝ ይሰበስባል። ቦርሳ ውስጥ ቁልፍ፣ መርፌ ቁልፍ፣ ስቴፕል ካለ ይለጠፍበታል። በስሱም ቢሆን ካነሳው ፒኖቹ (ቻርጁን የሚያስተላልፉት የብረት ጫፎች) አይነኩም፣ ወይም ሁለቱን ፒን ያገናኝና ሾርት ይሠራል። እኔ ጋ ከሚመጡት ግማሹ ይኸው ነው፣ በጥርስ መፋቂያ ጠርጌ እሰጣለሁ። ገንዘብ መቀበል ያሳፍራል (እቀበላለሁ ግን)።

ሦስተኛ፣ በፈጣኑ የስልክ ቻርጀር አትሰካው። ተራውን ወይ ላፕቶፕ ላይ ሞክር።

ሚጣ የልደታ፣ 2፡51

ሪሴትም አይርሳ።

ዮኒ ከስቶክሆልም፣ 2፡53

ለመብራቱ ቀለም ደግሞ ሲኢንግ ኤአይ የሚባለው መተግበሪያ ቀለም ይናገራል። ቢ ማይ አይስ ላይ ደግሞ በቪዲዮ በጎ ፈቃደኛ ያይልሃል፣ ነፃ ነው።

መንገደኛ (ጠያቂ)፣ 3፡10

ዮኒ አመሰግናለሁ፣ ሁለቱም ስልኬ ላይ አሉ። ግን የጎረቤት ልጅ ትቀርባለች፣ ጠራኋት። ሰባት ዓመቷ ነው። ስሰካው «ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ እንደ ፖሊስ መኪና» አለችኝ። ከዚያ ጠፋ። ዝናብ፣ አዎ፣ ከሳሪስ ስመለስ በስብሻለሁ። ደርሼ ወዲያው ነው የሰካሁት።

ማግኔቱን ዳሰስኩት። ጥገና፣ እጅህ ይባረክ፣ ፀጉር የመሰለች ነገር አለች። የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ነው። ዛሬ ገዝቼ ቦርሳው ውስጥ ጥዬው ነበር። በጥፍሬ አንስቻታለሁ። ሌላም ትንሽ ትንሽ ይሻክረኛል።

ጥገና መገናኛ፣ 3፡16

በቃ ሁለቱም አንድ ላይ ነው። ቀይና ሰማያዊ ማፈራረቁ እርጥበት አለ ማለቱ ነው፣ ብዙዎቹ ላይ እንደዚያ ነው። አሁን እንዳትሰካው። መጀመሪያ ማግኔቱ ላይ ፕላስተር ለጥፈህ ንቀል፣ ብናኙን ይዞ ይነሳል። ከዚያ ፒኖቹን በደረቅ ጨርቅ ጥረግ። ላብም ሆነ ዝናብ ሲደርቅ የሚተወው ጨው አለ፣ አረንጓዴ ዝገት ያመጣል። ጨርቁን በጥቂቱ አልኮል ነክሮ ማሸት ነው። ከዚያ ንፋስ የሚያገኝ ቦታ አስቀምጠው። ፀጉር ማድረቂያ፣ ምድጃ አጠገብ፣ የሚባል ነገር አልሰማም። ሙቀት ባትሪውን ይገድላል። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ሞክር። አብዛኞቹ ሩብ ሰዓት ቻርጅ ከበሉ ለአንድ መንገድ ይበቃሉ።

ፌንጣ፣ 3፡18

አልኮሉ አረቄ ቢሆንስ?

ጥገና መገናኛ፣ 3፡20

የፋርማሲውን ነው ያልኩት። አረቄውን አንተ ጠጣው፣ ለዕቃው አትስጥ።

ነጩ በትር፣ 3፡27

መንገደኛ፣ ባይነሳስ ብለህ ሁለተኛ መላ ያዝ። እኔ የማደርገውን ልንገርህ። ገመድ ያለውን ተራ ኢርፎን አንዱን ጆሮ ብቻ፣ ያውም ወደ ሕንፃው በኩል ያለውን ጆሮ። ወደ አስፋልቱ ያለው ክፍት ይሁን። መሻገሪያ ላይ ስትደርስ ግን አውጣው፣ ሁለቱም ጆሮ ያስፈልግሃል። ስልኩን ደረት ኪስ ከትተህ በስፒከር መስማትም ይቻላል፣ ግን ነጣቂ አለ። ደግሞ ቶክባክ አያፍርም። አንዴ ታክሲ ውስጥ የባንክ መልእክት መጣልኝ፣ ቀሪ ሂሳቤን ለአስራ ሁለት ሰው አነበበው። ረዳቱ «ሒሳብ ተወው ወንድሜ፣ ግባ» አለኝ። ያን ያህል ነበር ያለኝ።

ጋሽ ታዛቢ፣ 3፡33

መሥሪያ ቤቱ የትኛው ሰፈር ነው ልጄ? ስም አትጥራ፣ ሰፈሩን ብቻ።

መንገደኛ (ጠያቂ)፣ 3፡36

መካኒሳ አካባቢ ነው ጋሼ።

ጋሽ ታዛቢ፣ 3፡41

እኔ ጀርመን አደባባይ ነኝ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሥራ የለኝም፣ ጡረተኛ ነኝ። በውስጥ መስመር ስልኬን ልኬልሃለሁ። ዕቃህ ባይነሳ ደውል። ስትደርስ አደባባዩ ጋ እቆማለሁ። ምክር ግን መስጠቴ አይቀርም፣ ከወዲሁ ልንገርህ።

መንገደኛ (ጠያቂ)፣ 3፡44

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ፕላስተሩ ሽቦውን አንስቶታል፣ አሁን አይሻክርም። መስኮት ላይ አስቀምጬዋለሁ። ልተኛ፣ 11 ሰዓት ላይ እሞክርና እነግራችኋለሁ።

ሚጣ የልደታ፣ 3፡45

ሪሴት።

ሰላም አዲስ ገቢ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ

ሰላም፣ የእኔም ልክ እንደዚሁ ቀይና ሰማያዊ እያፈራረቀ ነው፣ ዝናብ ነው የመታው። መንገደኛ፣ ያንተ ተነሳልህ ወይ?

ፌንጣ፣ በዚያው ቀን

እኛም እየጠበቅን ነው። ጋሽ ታዛቢም ከዚያ ቀን ወዲህ ጠፍተዋል። ሁለቱም አደባባዩ ላይ እየተመካከሩ ይሆናል።