በየቀኑ የሚነዳ ፈጣን ኩፔ፣ የትኛውን ልግዛ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለዓመታት ስመኘው የኖርኩትን ባለሁለት በር ስፖርት መኪና ልገዛ ነው። ሥራ የምመላለሰውም ዕቃ የምጭነውም በሱ ነው፣ ሌላ መኪና የለኝም። የምኖርበት ቦታ በረዶ ይጥላል። አንድ ትንሽ ልጅ አለኝ። ፖርሽ 911፣ ቢኤምደብሊው ኤም2 ወይም ኤም4፣ ኮርቬት ሲ8፣ ኒሳን ጂቲአር እያልኩ ስዞር ሰነበትኩ። አንዱን ቆረጥኩ ስል ሌላው ያምረኛል። የነዳችሁ ካላችሁ እባካችሁ አማክሩኝ።

መልስ፦
ወንድሜ፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ። ብዙ ሰው ይህን ምርጫ የሚጀምረው ከፈረስ ጉልበት ነው፣ ከዚያ ደግሞ ከ0 እስከ 100 በስንት ሴኮንድ የሚለውን ይቆጥራል። እኔ እሱን ለመጨረሻ እንድታቆየው እለምንሃለሁ። የዘረዘርካቸው ሁሉም ፈጣን ናቸው። የአሁኑ ኤም2 በአውቶማቲክ 100 ለመድረስ 4 ሴኮንድ ገደማ ይበቃዋል፣ 911 ካሬራ ኤስ ከዚያም ያንሳል። በሕዝብ መንገድ ላይ ይህን ልዩነት የምትጠቀምበት ቦታ የለህም። ልዩነታቸው የሚወጣው ሰኞ ጠዋት ነው። ሞተሩ አልሞቀም፣ ዝናብ ይዘንባል፣ መንገዱ ተዘግቶ በእግር ፍጥነት ትሳባለህ፣ ልጅ ከኋላ ያለቅሳል። መኪናውን በዚያ ሰዓት እንዴት እንደሚሆን አስበህ ምረጠው። በጥሩ ቀን በጥሩ መንገድ ሁሉም ያስደስቱሃል።

በረዶ አለ ስላልክ ከጎማ ልጀምር፣ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። እነዚህ መኪናዎች በአብዛኛው የበጋ ጎማ ገጥመው ነው ከፋብሪካ የሚወጡት። ላስቲኩ የተቀመመው ለሙቀት ነው። ከ7 ዲግሪ በታች ሲሆን እየጠነከረ ይሄድና አስፋልቱን መያዝ ይቸግረዋል። ከዜሮ በታች በከባድ ብርድ ከተንቀሳቀሰ ደግሞ ሊሰነጠቅም ይችላል። እንግዲህ መሬት ላይ አንዲት የበረዶ ፍሬ ሳትኖር፣ ደረቅ አስፋልት ላይ፣ 450 ፈረስ ጉልበት በቀዘቀዘ የኋላ ጎማ ሲላክ ምን እንደሚሆን አስበው። የዊንተር ጎማ ሙሉ አራቱን፣ ከተቻለ ከነቸርኬው፣ የመኪናው ዋጋ ውስጥ ገና ከመጀመሪያው ደምረው። ጎኑ ላይ ባለሦስት ጫፍ ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት ያለበት ምልክት መኖሩን አረጋግጥ። ፍሬኑን የሚያሳልፍ አነስ ያለ ቸርኬ የሚፈቀድለት ከሆነ ለዊንተር እሱን ውሰድ። የጎማው ጎን ከፍ ስለሚል ጉድጓድ ሲያገኝ ቸርኬው በቀላሉ አይጎዳም።

አራቱም ጎማ የሚገፋ ከሆነ ይህ ሁሉ አያስፈልግም የሚል ሰው ይመጣል። አትስማው። አራቱም ጎማ መግፋቱ ከቆመበት ሲነሳ ይረዳሃል። ፍሬን ስትይዝና ስትታጠፍ ግን የሚያቆምህ ያው ጎማው ነው። እንዲያውም ያለችግር ስለሚነሳ መንገዱ ምን ያህል እንደሚያንሸራትት ሳታውቅ ፍጥነት ትጨምራለህ።

ሌላው፣ የኋላው ጎማ ብዙ ጊዜ ከፊቱ ይሰፋል። ፊትና ኋላ እያቀያየሩ እኩል እንዲያልቅ ማድረግ አይቻልም ማለት ነው። የኋላው ቶሎ ያልቃል፣ ርካሽም አይደለም። ለውድድር ሜዳ የተሠራ ጎማ የገጠመ መኪና ካገኘህ ደግሞ ለዕለት መንዳት ቀይረው። ጥርሱ ጥቂት ስለሆነ ውሃ የቆመበት መንገድ ላይ ቶሎ ይንሳፈፋል።

ከጎማ ቀጥሎ ካምቢዮ። ድርብ ክላች ያለው ካምቢዮ፣ ሁለት ክላች እየተፈራረቁ ማርሽ የሚቀይሩበት፣ በፍጥነት ሲነዳ ድንቅ ነው። ተዘግቶ ሲሳብ ግን ክላቹን ግማሽ እየያዘ ስለሚሄድ አንዳንዱ ይነጥራል፣ ይሞቃል። ፒዲኬ የሚባለው የፖርሽ ድርብ ክላች በዚህ ረገድ ከሞከርኳቸው ሁሉ የተሻለ ነው። ቢኤምደብሊው ግን ኤም መኪናዎቹ ላይ ድርብ ክላችን ትቶ ወደ መደበኛው ባለ8 ማርሽ አውቶማቲክ ተመልሷል፣ በተጨናነቀ መንገድ የሚመላለስ ሰው ወዲያው ይገባዋል፣ እግርህን ከፍሬን ስታነሳ ዝም ብሎ ይንሸራተታል። ማኑዋል ከወደድክ ኤም2 ላይ አሁንም ባለ6 አለ። ፍቅሩ ይገባኛል፣ እኔም እወደዋለሁ። በየቀኑ አንድ ሰዓት ፍሪሲዮን የምትረግጥ ከሆነ ግን ጉልበትህን አስብለት።

ሞላና ሾኩን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ በቁልፍ የሚለሰልስና የሚጠነክር ሾክ ያለውን ምረጥ። ኤም2 ላይ አብሮት ይመጣል፣ ሲ8 ላይ በተጨማሪ የሚከፈልበት ነው። ቸርኬው በአንድ ቁጥር ሲያንስም ምቾቱ ይጨምራል። ለዓይን ትልቁ ያምራል፣ ለወገብ ትንሹ ይሻላል።

አሁን ወደ ልጁ። ሲ8 ሁለት መቀመጫ ብቻ ነው ያለው፣ ሌላ መኪና ከሌለህ እዚህ ላይ ነገሩ አለቀ። 911 ከኋላ ሁለት ትናንሽ መቀመጫዎች አሉት፣ ለትንሽ ልጅ ይሆናሉ። ልብ በል ግን፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የታደሰው መሠረታዊው ካሬራ ኩፔ የኋላ መቀመጫ ሳይኖረው ነው የሚመጣው። ካዘዝክ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይገጥሙልሃል፣ ዝም ካልክ ባዶውን ትረከባለህ። ኤም2 እና ኤም4 ደግሞ እውነተኛ የኋላ ወንበር አላቸው፣ የልጅ ወንበር ማሰሪያውም አለ። የኤም2 ፖርታ ባጋሊዮ 390 ሊትር ነው፣ የኤም4 440። 911 ፊት ለፊት ኮፈኑ ሥር 130 ሊትር ገደማ ነው ያለው፣ የቀረውን ዕቃ የኋላ ወንበር ላይ ታደርጋለህ፣ ልጁ ካለ ደግሞ ቦታ የለህም። ከመግዛትህ በፊት የልጅህን ወንበር ይዘህ ሂድና ራስህ እሰረው። የኩፔ በር ረጅም ነው። ጠባብ ፓርኪንግ ውስጥ ግማሽ ብቻ ከፍተህ ጎንበስ ብለህ ልጅ ማሰር በየቀኑ የምትኖርበት ነገር ስለሆነ ሻጩ ቢሰለችም ጊዜ ወስደህ ሞክረው።

ስለ ጂቲአር። አር35 የሚባለው ትውልዱ እ.ኤ.አ. በ2007 ወጥቶ በ2025 ምርቱ ቆሟል። ባለ 3.8 ሊትር ቪ6፣ ባለሁለት ተርቦ፣ ካምቢዮው ከኋላ የተቀመጠ፣ አራቱንም ጎማ የሚገፋ፣ በኔ ግምት በዘመኑ ከተሠሩት እጅግ የሚገርመው ማሽን። ሞተሩን አንድ ባለሙያ በእጁ ነበር የሚገጣጥመው። አከብረዋለሁ። ለዕለት ግን ይከብዳል። አካሄዱ ይደርቃል፣ በዝግታ ስትሄድ የካምቢዮው ድምፅ ውስጥ ድረስ ይሰማል፣ ሰርቪሱም ልምድ ያለው ሰው ይፈልጋል።

የኔ ፍርድ ይኸው። በጀትህ ከቻለ 911፣ ከነኋላ መቀመጫው። ሞተሩ ከኋላ አክስሉ በስተኋላ ስለተቀመጠ ክብደቱ የሚገፋው ጎማ ላይ ያርፋል፣ ርጥብ መንገድ ላይ አነሳሱ ያሳምናል። 992 ከሚባለው የ911 ትውልድ ጀምሮ ደግሞ የፊት ጎማው ቤት ውስጥ የሚረጨውን ውሃ በድምፅ ሰምቶ ወደ ዝናብ ሞድ ቀይር ብሎ የሚያስጠነቅቅህ ነገር አለው። እይታውም ለስፖርት መኪና ሰፊ ነው። በጀቱ ካልደረሰ ኤም2። በረዶው ከባድ ከሆነ ኤም4 ኮምፔቲሽን አራቱን ጎማ የሚገፋውን ውሰድ። በካርቦኑ የውድድር ወንበር ግን አትታለል፣ በጭኖችህ መካከል የሚነሳው ጉብታ ሲወጡና ሲገቡ ያሰቃያል፣ መደበኛው ይበቃሃል። ከዝርዝርህ ውጭ ደግሞ ሌክሰስ ኤልሲ 500 ሳትነዳ አትወስን። 5.0 ሊትር ቪ8 ያለ ተርቦ፣ 471 ፈረስ ጉልበት፣ ባለ10 ማርሽ አውቶማቲክ። ከነዚህ ሁሉ የሚዘገየው እሱ ነው፣ ደክሞህ ከሥራ ስትወጣ ግን የምትመርጠው እሱ ሊሆን ይችላል። የኋላ ወንበሩ ጠባብ መሆኑን አትርሳ።

አንድ ነገር ደግሞ በተለይ ለኛ። ከሌላ አገር ይዘነው የመጣነው የመንዳት ታሪክ ብዙ ኢንሹራንሶች ዘንድ ወይ አይቆጠርም ወይ በከፊል ነው የሚቆጠረው። መንጃ ፈቃድህ እዚህ አዲስ ከሆነ የነዚህ መኪናዎች ክፍያ ከጠበቅከው እጅግ ሊበልጥ ይችላል። ውል ሳትፈርም የሻንሲ ቁጥሩን ይዘህ ቢያንስ ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቅ። ከቀድሞ ኢንሹራንስህ አደጋ አላደረሰም የሚል ደብዳቤ ማግኘት ከቻልክ አምጣው፣ አንዳንዶቹ ይቀበሉታል።

ሌላ መልስ፦
ከላይ የተባለው በአብዛኛው ያስማማኛል፣ ስለ ሲ8 ግን ትንሽ ልጨምር። በየቀኑ የምነዳው እሱን ነው፣ ልጆቼ ራሳቸውን ችለዋል። ሰው መሀል ላይ ሞተር ያለው መኪና ሲባል ወገብ የሚሰብር ይመስለዋል። ሾኩ የሚስተካከለውን ከገዛችሁ ረጅም መንገድ ላይ ከብዙ ሰዳን ይሻላል። 6.2 ሊትር ቪ8 ሆኖም ዝግ ብሎ ሲጓዝ ግማሹን ሲሊንደር ስለሚያጠፋ ነዳጁ አውራ ጎዳና ላይ አያስደነግጥም። ፊቱን ከፍ የሚያደርገውን መሣሪያ ደግሞ አስገጥሙ፣ እባካችሁ። ቦታውን በጂፒኤስ ይይዛል፣ እስከ 1,000 ቦታ። አንድ ጊዜ መግቢያዬ ላይ አስቀመጥኩለት፣ ከዚያ ወዲህ ስደርስ ራሱ ይነሳል፣ ፓራውልቱ ሥሩ አልተፋቀም።

የማይወደደውም አለ። የኋላው ፖርታ ባጋሊዮ ሞተሩ አጠገብ ስለሆነ ይሞቃል፣ የሚቀልጥ ነገር ፊት ለፊት አድርጉ። ወደ ኋላ የጎን እይታው ደካማ ነው፣ ስፖኪዮውን ወደ ውጭ አስፍታችሁ አስተካክሉ፣ የጎን ማስጠንቀቂያውንም ግዙ። ማርሚታው ደግሞ ጠዋት ሲነሳ ይጮኻል። አፓርታማ ውስጥ ለምትኖሩ፣ የድምፁን ሞድ ማታውኑ ዝቅ አድርጎ ማሳደር ከጎረቤት ጋር ያስማማል።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁም። ሲ8 በልጁ ምክንያት ወጣ። ሥራዬ ቅርብ ነው፣ 10 ደቂቃ አይሞላም። ይህ ሞተሩን ይጎዳዋል? ደግሞ አዲስ ካልቻልኩ ያገለገለ 911 ብገዛ ምን ልይ?

መልስ፦
አጭር መንገድ ለሞተር አይመቸውም። የውሃው ሙቀት ቶሎ ይደርሳል፣ ዘይቱ ግን ይዘገያል። ዘይቱ ሳይሞቅ ስታጠፋው እርጥበቱና ያልተቃጠለው ቤንዚን ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ዘይት የምትቀይረው በኪሎሜትር ሳይሆን በጊዜ ይሁን፣ ኮምፒውተሩ ከሚለውም ቀደም በል። ቅዳሜና እሁድ አንድ ረጅም መንገድ ስጠው። ዘይቱ እስኪሞቅ ጋዝ አጥብቀህ አትርገጥ፣ ኤም መኪናዎች ላይ የዙር መቁጠሪያው ገደብ በቀዝቃዛው ዝቅ ብሎ ዘይቱ ሲሞቅ የሚነሳው ለዚሁ ነው። አዲስ ኤም ከገዛህ ደግሞ 2,000 ኪሎሜትር ላይ የሞተርና የዲፈረንሻል ዘይት የሚቀየርበት የመጀመሪያ ሰርቪስ አለ፣ እንዳያመልጥህ። ያገለገለ ስትገዛም ያ ሰርቪስ መደረጉን በወረቀት ጠይቅ። ነዳጁ ከፍተኛ ኦክቴን ይሁን። ዝቅ ያለውን ስትሰጠው ኮምፒውተሩ ሞተሩን ለመጠበቅ ጉልበቱን ይቀንስብሃል፣ የገዛኸውን ራስህ መልሰህ ሰጠህ ማለት ነው።

ያገለገለ 911 ከሆነ ከሻጩ ጋር ግንኙነት የሌለው፣ ፖርሽ የሚያውቅ ጋራዥ ያስፈትሽልህ። የሞተሩን ኮምፒውተር ያንብቡልህ፣ ሞተሩ ከገደቡ በላይ የዞረበት ጊዜ እዚያ ይመዘገባል። ማኑዋል ከሆነ ይህ በጣም አስፈላጊ ነው፣ በስህተት ወደ ታች ማርሽ የገባ እጅ ሞተሩን ሊጎዳው ይችላል። ጎማው ጎን ላይ አራት አኃዝ አለ፣ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ዓመቱ የገፋ ጎማ አትቁጠርለት። አራቱም አንድ ዓይነት ካልሆኑ ባለቤቱ የት የት እንደቆጠበ ጠይቅ። የጎማው የውስጥ ጠርዝ ብቻ ካለቀ የጎማዎቹ አቀማመጥ (አላይመንት) ተዛብቷል። የሴራሚክ ፍሬን ካለው ደስ ይላል፣ አቧራ የለውም፣ በከተማ መንዳት ብዙ ይቆያል። ዲስኩን መቀየር ግን ሌላ ትንሽ መኪና እንደ መግዛት ነው፣ ማለቁም በክብደት ጭምር ስለሚለካ በዓይን አይታይም፣ አስለካው።

ልታየው ስትሄድ ከመድረስህ በፊት ሞተሩን እንዳያስነሳ ለሻጩ ቀድመህ ንገረው። ኮፈኑን በእጅህ ንካ፣ የኋላውን፣ ሞተሩ እዚያ ነውና። ሞቆ ካገኘኸው አትከራከር፣ ሌላ ቀን ጠዋት ቅጠርና በቀዝቃዛው አስነስተህ ስማው።