በአዲስ መኪና ላይ የቀለም መከላከያ ፊልም ማስለጠፍ ያዋጣል?

ጥያቄ፦
ከሁለት ሳምንት በፊት ጥቁር ቀለም ያላት አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ተረክቤያለሁ። የምኖረው አዲስ አበባ ሲሆን በሥራዬ ምክንያት በሳምንት ሁለት ጊዜ በፈጣን መንገዱ ወደ አዳማ እመላለሳለሁ። መላ አካሏን በፊልም አስለጥፍ የሚሉኝ አሉ፤ ሴራሚክ ይበቃሃል የሚሉኝም አሉ። ለመላው አካል የተጠየቅሁት ገንዘብ ለፊተኛው ክፍል ብቻ ከተጠየቅሁት ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። የሞከራችሁት ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦
እንኳን ደስ ያለዎት። በቅድሚያ ሁለቱን መለየት ይገባል። ሴራሚክ የሚባለው ቀለሙ ላይ ተቀብቶ የሚደርቅ ፈሳሽ ሲሆን፣ ውፍረቱ ከጥቂት ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) ስለማያልፍ ጭቃ በቀላሉ እንዲለቅና ቀለሙ እንዲያብረቀርቅ ከማድረግ በቀር ጠጠር አይመክትም። ፊልሙ ግን ቀለሙ ላይ የሚለጠፍ ግልጽ ፕላስቲክ ሲሆን ውፍረቱ ከ150 እስከ 200 ማይክሮን ይደርሳል፤ ከፋብሪካ የሚመጣው የላይኛው ግልጽ ሽፋን 40 ወይም 50 ማይክሮን ገደማ መሆኑን ሲያስቡ ልዩነቱ ግልጽ ይሆንልዎታል። እኔ በዚያው መንገድ ስመላለስ ከፊቴ የነበረ ተሳቢ ያስፈነጠረው ጠጠር ኮፈኑ ላይ ምስር የምታክል ጠባሳ ትቶብኛል፤ መሐሏ ላይ ብረቱ ይታያል። በእርስዎ ቦታ ብሆን ፓራውልቱን፣ ኮፈኑን፣ የፊት ፓራፋንጎዎቹንና ስፖኪዮዎቹን አስለጥፌ የቀረውን እተወው ነበር። ጣሪያውንማ ማን ይነካዋል?

መልስ፦
ጣሪያውን ላቫጆ ይነካዋል! ጎማ የጠረገው ጨርቅ ሳይታጠብ በሩ ላይ ሲያርፍ ስንቴ አይቻለሁ፤ ጥቁር ቀለም ደግሞ ፀሐይ ሲያርፍበት የሸረሪት ድር የመሰለውን ጭረት ሁሉ ያጋልጣል። መኪናዎን ራስዎ በንጹሕ ጨርቅ የሚያጥቡ ካልሆነ የፊቱ ብቻ አይበቃዎትም።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የቀረኝ ስጋት ፊልሙ በጊዜ ብዛት ቢጫ እንዳይሆን፣ ሲላጥም ቀለሙን ይዞ እንዳይነሣ ነው።

መልስ፦
በዚህ ሥራ ላይ ስላለሁ የማውቀውን ልንገርዎት። ቶሎ ቢጫ የሚሆነው በአብዛኛው ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራው ርካሹ ነው፤ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነች ከተማ ውስጥ ፀሐዩ አይምረውም። ቲፒዩ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራው የተሻለ ዕድሜ አለው። ለመለየት ቁራጭ ይጠይቁና በእጅዎ ይሳቡት፤ ቲፒዩ ሲለቁት ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ፒቪሲ እንደተሳበ ይቀራል። ጥሩው ፊልም ላይ ቀላል ጭረት ቢያወጡበትም ሙቅ ውኃ ሲያፈሱበት ይጠፋል። የሚቆረጠው መኪናው ላይ በምላጭ ነው ወይስ አስቀድሞ በማሽን ብለውም ይጠይቁ፤ ምላጭ ያልተጠነቀቀ ሰው እጅ ላይ ከሆነ ከፊልሙ አልፎ ቀለሙን ይቆርጣል።

ፊልሙ እየተሞቀ ቀስ ተብሎ ከተላጠ የፋብሪካ ቀለም አይነሣም ማለት ይቻላል። የሚነሣው ስቱኮ ተደርጎበት ዳግም የተቀባው ነው፤ አዲስ የተባለ መኪናም በጉዞ ላይ ተጋጭቶ የተቀባ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከማስለጠፍዎ በፊት እያንዳንዱን የብረት ክፍል በቀለም ውፍረት መለኪያ ያስለኩ። የፋብሪካ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ይሆናል።

ጠያቂው፦
ዛሬ አስለካሁ። ሌላው ሁሉ ከ110 እስከ 130 ሲያሳይ የቀኙ የፊት ፓራፋንጎ 310 አሳየ። ፊልሙን አቆይቼ መጀመሪያ ሻጩን ላነጋግር ነው።